የማይታየውን ፊደል እንዴት ላግኘው?

ጥያቄህ ይህ ነው፦ ከላፕቶፕህ ገልብጠህ ሜይንፍሬም (የትልልቅ ድርጅቶች ዋና ኮምፒውተር) ላይ የለጠፍከው ጄሲኤል (ሜይንፍሬሙን ጆብ፣ ማለትም ሥራ፣ የምናዝበት ጽሑፍ) ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ጆቡን ስትልከው ግን «ጄሲኤል ኤረር» ይልሃል። ሁለት ቀን መስመር በመስመር አይተህ ምንም አላገኘህም።

አለ፣ ወንድሜ። ዓይንህ አያየውም እንጂ አለ።

እኔ የምጠረጥረው ታብን ነው። ላፕቶፕ ላይ ባዶ ቦታ ይመስላል። ሜይንፍሬሙ ግን በኤብሲዲክ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የሜይንፍሬም ኮድ) 05 ሆኖ ነው የሚያገኘው፤ ስፔስ ደግሞ 40 ነው። ፋይሉን በአይኤስፒኤፍ ኤዲተር (ሜይንፍሬም ላይ ጽሑፍ በምናርምበት ፕሮግራም) ክፈትና ኮማንድ መስመሩ ላይ ፋይንድ ፒ'.' በል። (ትዕዛዞቹን በአነባበባቸው ጻፍኩልህ፤ አንተ በላቲን ፊደል ነው የምትመታው።) ፒ ፒክቸር ማለት ነው። ነጥቧ ደግሞ «ስክሪን ላይ የማይታይ ማንኛውም ፊደል» ናት። በነጥቧ ቦታ # ብታስገባ አኃዝ፣ @ ብታስገባ የላቲን ፊደል ይፈልግልሃል። ብዙዎቻችን ፋይንድን ቃል ብቻ እንደሚፈልግ አድርገን ስለምንይዘው ይህን ሳናውቅ ዓመታት እንሠራለን። እኔም ከነዚያው ነበርኩ።

ካገኘው ጠቋሚው እዚያው ይቆማል። ቀጣዩን በኤፍ 5 ፈልግ። ሄክስ ኦን ብትል ከየመስመሩ ሥር የየፊደሉ ኮድ በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) ይወጣል፤ 05 መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ። ከዚያ ቼንጅ ኤክስ'05' ኤክስ'40' ኦል። ነገር ከተበላሸብህ ሴቭ ሳትል በካንስል ውጣ።

አደራ፣ ይህን ፍለጋ ፓክድ ዴሲማል (ሁለት አኃዝ በአንድ ባይት ታጭቆ የሚቀመጥበት) ቁጥር ባለበት የዳታ ፋይል ላይ አትሞክረው። እዚያ የማይታይ ፊደል ጤነኛው ቁጥር ራሱ ነው። በቼንጅ ኦል ከነካካኸው ለቀናት የማይጠፋ ራስ ምታት ነው የምታተርፈው።

ታብ ካላገኘህ ፋይንድ ፒ'¬' 72 በል። 72ኛው ዓምድ ላይ ባዶ ያልሆነ ነገር ካለ ያሳይሃል። ጄሲኤል መግለጫውን የሚያነበው እስከ 71ኛው ዓምድ ነው። ስትለጥፍ መስመሩ ወደ ቀኝ ሸርተት ካለ ጫፉ ተቆርጦ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይህችኛዋ የኔ ተወዳጅ ናት። ፋይሉ ረጅም ከሆነ መጀመሪያ ኤክስ ኦል በልና ሁሉንም መስመር ደብቅ። ቀጥሎ ፋይንድ ኦል ብለህ የምትፈልገውን ጻፍ። ስክሪኑ ላይ የሚቀሩት የሚመለከቱህ መስመሮች ብቻ ናቸው። በሪሴት ሁሉም ይመለሳል።

ሄክስ ላይ ከ05 ሌላ ቁጥር ካገኘህ ግን ሳትቀይረው ቁጥሩን ላክልኝ።