ሲሄዱ 10፣ ሲመለሱ 20 ሰዓት?

ጥያቄ፦ እናቴ በሐምሌ እህቴን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ትሄዳለች። ትኬቱ ላይ መነሻው 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 08:30 ይላል፤ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። መመለሻው ግን 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ይገባል፤ 20 ሰዓት! መንገዱ ያው አይደለም እንዴ? ስኳር ስላለባት የመድኃኒቷ ሰዓት አሳስቦኛል።
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ትኬት ቢሮ ስሠራ ይህችን ሂሳብ ይዞ ያልመጣ ደንበኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየአገሩ ነው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ በእነሱ ክረምት 8 ይሆናል። ስለዚህ በመሄጃው ላይ 7 ይደምሩ፣ ከመመለሻው ላይ 7 ይቀንሱ፦ 17 እና 13 ይመጣል። እውነተኛው ጉዞ ይኸው ነው።

አሁንም 4 ሰዓት ይለያያል፤ ርቀቱ ግን በሁለቱም በኩል በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጉዳዩ ያለው ቦሌ ላይ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም የሚገባቸውን ያህል ጉልበት አያገኙም። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ለአትላንቲክ የሚበቃ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን ከዚያ መነሣት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና መንገድ ላይ ይሞላል፤ ሮምና ደብሊን ለዚሁ ሲቆምባቸው የነበሩ ከተሞች ናቸው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሙሉ ነዳጅ ይዞ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይደርሳል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ንፋስ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል፤ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ለእናትዎ አንድ ነገር አደራ ይበሏቸው። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አንግተው «ደረስን» ብለው የሚነሡ እናቶች ብዙ ናቸው። አስተናጋጅ ካላለ በቀር ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ።

ሌላው የሰዓት አቆጣጠር ነው። 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ቦሌ 1:30 ላይ ይገኙ። የመመለሻው 11:00 ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። በእኛ 11 ሰዓት ነው ብሎ አመሻሽ ላይ ደለስ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ እዚያ እስኪደርሱ የእጅ ሰዓታቸው በአዲስ አበባ ይቁጠር፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚያሸጋግሩት ሐኪማቸው ከጉዞው በፊት ይጻፍላቸው። ኢንሱሊን ከሆነ ከእጃቸው አይለይ፤ ዕቃ ማስጫኛው ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ለእህትዎም 08:30 ሲል አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሰዓት መሆኑን ይንገሯት፤ ፓስፖርትና ሻንጣ ስላለ እናትዎ ቢዘገዩ አትደንግጥ።