ሶፋው ይቆይ፣ መጀመሪያ አምፖሉን ቀይሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሶሽ፣ ከሚላን የዲዛይን ሳምንት የወጡ የሶፋና የመብራት ፎቶዎች ሰብስበሽ «እዚሁ አናጺ ጋ ባሠራቸው ያምሩልኛል ወይ?» ብለሻል። እኔ ቱሉ ዲምቱ የእንጨትና የብየዳ ቤት አለኝ። እንዲህ ያለ ፎቶ በስልኩ ሳይዝ የሚመጣ ደንበኛ አሁን አሁን ጠፍቷል፤ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ፎቶ ላይ ያየሽውን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካን ሚላን እህቴ ጋ ዋልኩ፤ ትርኢቱ የተከፈተው ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። ዋናው የቤት ዕቃ ትርኢት፣ ሳሎኔ ዴል ሞቢሌ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚካሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ ሮ የሚባል ቦታ ሲሆን መግቢያ ይከፈልበታል። በዚያው ሳምንት ግን ከተማው ውስጥ በየግቢውና በየሱቁ በነፃ የሚታየው ብዙ ነው። ዕድል ሆኖ በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣው የመብራት ትርኢት፣ ኤውሮሉቼ፣ ያን ዓመት ነበር። ማታ ማታ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ፖርታ ቬኔሲያ እየሄድን ሽሮ እየበላን የቀኑን ስናወራ እናመሽ ነበር። (እህቴ ወንበር ለማየት ብቻ ይህን ያህል መንገድ መምጣቴ እስከዛሬ ያስቃታል።)

እዚያ ስዞር የገባኝ ነገር፣ ሶፋዎቹ ከእኛ ያን ያህል አይርቁም። ስፖንጅ ነው፣ ጨርቅ ነው፣ እንጨት ነው። ስፌቱን ጎንበስ ብዬ ሳገላብጥ ጥበቃው ሁለት ጊዜ ገላምጦኛል። ልዩነቱ መብራቱ ላይ ነው። ክፍሉን ያጨልሙትና ከጎን ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ይለቁበታል፤ ያኔ ጨርቁ ጥላ ያወጣል፣ የእንጨቱ መስመር ይታያል። ያንኑ ሶፋ አምጥተሽ ኮርኒሱ መሐል በተንጠለጠለ አንድ ነጭ አምፖል ሥር ብታስቀምጪው የክሊኒክ ወረፋ መጠበቂያ ይመስልሻል። የምመክርሽ ይኸው ነው፦ ገንዘብሽን መጀመሪያ መብራቱ ላይ አውይ፣ ሶፋው ይደርሳል።

አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ያለውን የኬልቪን ቁጥር እዪ፤ የብርሃኑን ቀለም የሚነግርሽ እሱ ነው፣ ዝቅ ሲል ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ከፍ ሲል ነጭ። ዝም ካልሽ ባለሱቁ የሚያነሳልሽ 6500 የሚለውን ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። ለሳሎንና ለመኝታ 2700 ወይም 3000 ጠይቂ፤ ማድቤት 4000 ቢሆን አይከፋም። የብርሃኑን መጠን የሚነግርሽ ደግሞ ሉመኑ ነው እንጂ ዋቱ አይደለም። የድሮው 60 ዋት አምፖል ይሰጥ የነበረውን 800 ሉመን ገደማ ዛሬ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጥሻል። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሦስት ትንንሽ፣ በተለያየ ጥግ፣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ።

ሁለተኛው ፎቶሽ ላይ ያለው እንደ ቀስት የጎበጠ መብራት አርኮ ይባላል። ጣሊያናውያኑ ዲዛይነሮች የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1962 ፍሎስ ለተባለው ድርጅት የሠሩት ነው። ሐሳቡን ያገኙት ከመንገድ መብራት ነው፤ የፈለጉት ኮርኒስ ሳይበሱ ጠረጴዛ ላይ ከአናት ብርሃን ማውረድ ነበር። የኮንዶሚኒየም ሰው ችግር ልክ ይኸው አይደል? ሽቦው የሚወርደው ክፍሉ መሐል፣ ጠረጴዛው ያለው ጥግ! እግሩ 65 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የካራራ እምነበረድ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ለጌጥ እንዳይመስልሽ፤ የመጥረጊያ እንጨት ሰክተው ሁለት ሰዎች እንዲያነሱት ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት አንዱን ከፎቶ ቀድቼ ሠርቼ ነበር። ደረጃ ለመውጣት ይቅለል ብዬ ከኩሽና ጠረጴዛ የተረፈ እምነበረድ እግር አደረግሁለት፤ 20 ኪሎም አይሞላ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቤቱ ልጅ የመብራቱን ቆብ ሳብ ሲያደርገው ተገለበጠ። ልጁን አልነካውም፣ ተመስገን፤ ቴሌቪዥኑን ግን ከኪሴ ከፍዬ ተካሁ። አሁን 30 በ30 በ30 ሳንቲሜትር የላሜራ ሳጥን በይጄ ኮንክሪት እሞላዋለሁ፤ 65 ኪሎ ገደማ ይመጣል። መሐሉ ላይ ቱቦ አሳልፋለሁ፣ ለመጥረጊያው እንጨት።

ለቆቡ ብረት አትፈልጊ። ዴንማርካዊው የመብራት ዲዛይነር ፖል ሄኒንግሰን መብራቶቹን በተደራረቡ ቆቦች የሠራው አምፖሉ ራሱ ዓይን እንዳይወጋ ነው፤ የእኛ ሰፌድና መሶብ የሚሰፉ እናቶች ያንኑ በስንደዶና በአክርማ ሊሠሩልሽ ይችላሉ። ልኩን በካርቶን ቆርጠሽ ስጫቸው፣ በቃል አትንገሪ። ኤልኢዲ ብቻ ክተችበት። አንድ ደንበኛዬ የድሮ አምፖል አስገብታ ስፌቱ ጠቁሮባታል።

ስለ እንጨት ባጭሩ፦ ዋንዛ ከመረጥሽ መድረቁን አረጋግጪ። ክረምት ላይ በእርጥቡ ሠርቼ ያስረከብኩት ጠረጴዛ ጥር ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይዞ ተመልሶልኛል። ወንበር ላይ ደግሞ የጅማን በርጩማ አትናቂ። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢዛባም አይወዛወዝም፤ የኮንዶሚኒየም ወለል ደግሞ ውሃ ልክ ስታስቀምጪበት የሚያሳይሽን ታያለሽ።

ዋጋ አልጽፍም፣ ነገ ይለወጣል። ሶፋውን ለማዘዝ ስትወስኚ ግን በሩን ብቻ ሳይሆን የደረጃውን መታጠፊያም ለኪ፤ ሁለት ቁራጭ ሆኖ በብሎን የሚገጠም አድርጉልኝ በያቸው። ባለፈው ዓመት ባለ አንድ ወጥ ሶፋ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በገመድ ስንጎትት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል፤ ከታች የተሰጣው የጎረቤት በርበሬም ተደፍቷል።