ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የት እንብላ? የጅማ ልጆች ጥያቄ፣ የሼፉ መልስ

ሰላም የጅማ ልጆች። ለእረፍት ሐዋሳ የምትወርዱ በዝታችኋል፤ የት እንብላ፣ ምን እንዘዝ እያላችሁ በውስጥ መስመር አጨናነቃችሁኝ። ስለዚህ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ። ለማታውቁኝ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወጥ ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። የጀመርኩት ዓሣ በመገፈፍ ነው። አሁን ጅማ ነኝ። ከጥያቄው በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ዓሣውን ሳታዩ አትዘዙ። ጠይቁኝ።

የቆጪው ልጅ፦ ሼፍ፣ ሐዋሳ ላይ ምርጥ ሬስቶራንት የቱ ነው?

ለምን የሚሆን? ለቤተሰብ ነው? ለፍቅረኛ? ለሠርግ ሽማግሌ? ስንት ሰው ናችሁ? ይሄን ንገረኝና እመልስልሃለሁ።

ሰሚራ፦ ስምንት ጓደኛሞች ነን፣ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን። ምሳ ሲደርስ ሁሌ ሁለት ቦታ እንከፈላለን። አንድ ላይ የምንበላበት ዘመናዊ ቤት ይኖር ይሆን?

እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ጅማ ላይ አንድ ግቢ አድገን፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ ምሳ ሲደርስ የሚለያየን ሥጋው ነው። አንዱ ወደ ሙስሊም ቤት ይገባል፣ ሌላው ወደ ክርስቲያን ቤት። ዓሣ ግን አይታረድም። ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚል ጥያቄ የለም። አንድ ትሪ ይመጣል፣ ስምንታችሁም እጃችሁን ትሰዳላችሁ። ሐይቅ ያለው ከተማ ለእኛ ለጅማ ልጆች ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ሠራተኛ ሆኜ ብዙ እንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ አስተናግጃለሁ፤ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኝ የምሠራው ለእነሱ ነበር።

ግን ጥንቃቄ አለው። ትልልቆቹ ሪዞርቶች ሥጋም ዓሣም የሚሠሩት በአንድ ወጥ ቤት ነው። ዓሣው የሚጠበስበት ዘይት ጠዋት ሥጋ ተጠብሶበት ሊሆን ይችላል። አስተናጋጁን "ዘይቱና መጥበሻው ለብቻው ነው?" በሉት። "ቆይ ልጠይቅ" ብሎ ከገባ ጥሩ ነው። ሳይጠይቅ "አዎ፣ አዎ" ካለ ራሳችሁ ሼፉን አስጠሩ፤ ነውር የለውም። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ ብቻ የሚሠሩት ቤቶች በዚህ በኩል ሐሳብ አይጥሉም። አንድ ነገር ደግሞ፣ ሪዞርት ውስጥ መጠጥ አለ። የሚከብደው ጓደኛ ካለ መቀመጫ ስትይዙ ከባሩ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ጠይቁ።

ተክሌ፦ ሼፍ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ክርስቲያኖቹ በጾም ቀን ከሄዱስ? ዓሣ በጾም አይበላም።

ማርታ፦ ማን ነው አይበላም ያለው? እኛ ቤት ዕድሜ ልካችንን በጾም ዓሣ በልተናል። ሁሉም ሆቴል "የጾም" ብሎ ሜኑ ላይ ይጽፈዋል።

ተክሌ፦ ሆቴል ስለጻፈው ነው እንዴ? ቤተ ክርስቲያን የምትለውን ነው የምናየው።

ማርታ፦ ኧረ አቦ! እናቴን አንተ ልታስተምራት ነው?

የመንደራው፦ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው ጭራሽ አይበላም ይባላል፣ እሱስ?

በቃ፣ በቃ። ይሄን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ። የማውቀውን ግን ልንገራችሁ። በጾም ዓሣ የምትበሉም ብትሆኑ ኮተሌት አትዘዙ። ኮተሌት መጀመሪያ ዱቄት ይነካል፣ ቀጥሎ እንቁላል ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ ነው የሚጠበሰው። እንቁላል አለው ማለት ነው። ዱለትም በብዙ ቤት ቅቤ ይገባበታል። "የጾም ነው" የሚለው ጽሑፍ አያሳምናችሁ፣ በምን እንደተሠራ ጠይቁ። አምባዛን የማይበላ ብዙ ሰው አለ። በማዕድ ላይ አታከራክሩት፣ ቅርፊት ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይዘዝለት።

ሀብታሙ፦ ዓሣውን እዩ እዩ ትላለህ፤ እኛ ምን እናውቃለን? ምኑን ነው የምናየው?

ይሄ ጥያቄ ነው! ሳይገፈፍ ሙሉውን እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ዓይኑን። አዲስ ዓሣ ዓይኑ ያበጠና የጠራ ነው፤ የዋለ ዓሣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ነጣ ብሎ ይደፈርሳል። ቀጥሎ ስንጥቡን። ከጆሮው ጋ ያለውን ክዳን በጣት ገለጥ አድርጎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ "አመሰግናለሁ" ብላችሁ ሌላ ነገር እዘዙ። መጨረሻ ሆዱ አካባቢ በጣት ጫን በሉት። ሥጋው ተመልሶ ከሞላ አዲስ ነው፤ የጣታችሁ ጉድጓድ እንደቀረ ከቆየ ውሎ አድሯል። ጠረኑ የሐይቅ ውኃ መሽተት አለበት፤ አፍንጫ የሚይዝ ከሆነ አይሆንም።

አጥማጆቹ መረብ የሚጥሉት ማታ ነው፣ የሚያወጡት ንጋት ላይ። ስለዚህ ዓሣ ለመብላት ጥሩው ሰዓት ከጠዋት እስከ ምሳ ነው። ማታ ለእራት ዓሣ የምታዙ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ የዋለ ነው፤ በደንብ ከተያዘ ችግር የለውም፣ ግን እዩት። ደግሞ ይሄን ያዙ፦ ያላለቀ ዓሣ ወደ ዱለትና ወደ ጉላሽ ነው የሚሄደው። ተከትፎ በቃሪያና በሽንኩርት፣ ወይም በበርበሬ ሲሠራ መዋሉ አይታወቅም። ቤቱን ካላመናችሁት ተተልትሎ የተጠበሰ ሙሉ ቆሮሶ እዘዙ። እሱ ምንም አይደብቅም።

ሌላም ልጨምር። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የምትበሉት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ነው። ትልቅ፣ ወፍራም፣ እሾህ የሌለው ነጭ ሥጋ አምጥተው "የሐዋሳ ዓሣ ነው" ካሏችሁ ናይል ፐርች ሊሆን ይችላል። ናይል ፐርች ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የለም። የሚመጣው ከአርባ ምንጭ በኩል፣ ከጫሞና ከዓባያ ነው። ጣፋጭ ዓሣ ነው፣ አልነቅፈውም፤ ግን መንገድ ተጉዞ መምጣቱን እወቁ።

ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ቆሮሶ ሲቀርብላችሁ ደግሞ አትቀበሉ። ያ ገና ያልወለደ ጫጩት ነው። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ሐይቁን እየጨረሰው ነው። እኛ መብላት ካላቆምን አጥማጁ ማጥመድ አያቆምም።

ቤቲ፦ ሪዞርት ይሻላል ወይስ አሞራ ገደል?

ሁለቱም። ዓሣው የሚወጣው ከአንድ ሐይቅ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ሂዱ፦ ጀልባው ሲመጣ ታያላችሁ፣ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በዳቦና በአዋዜ ትጠጣላችሁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችሁ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ሕፃን ልጅ ካለ ከአባ ኮዳ አርቁት፣ ምንቃሩ ቀላል አይደለም። ለብሳችሁ፣ ተረጋግታችሁ መቀመጥ ስትፈልጉ ደግሞ ኃይሌ ሪዞርት አለ፣ ሌዊ አለ፤ ሁለቱም ሐይቁ ዳር ናቸው። ወንበሩ ይመቻል፣ መታጠቢያው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ግን ጊዜ ይወስዳል። ርቧችሁ አትሂዱ። አዳዲሶቹን ቤቶች ደግሞ በመብራታቸውና በፎቶ ቦታቸው አትመዝኗቸው። ሶፋው አይበላም። ዓሣውን ሳታዩ አትዘዙ።

አቡሽ፦ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ይበላል አሉ፣ አሪፍ ነው?

አትብላ። የስምጥ ሸለቆ ዓሣ ትል ሊኖረው ይችላል። አዋዜም ሎሚም ትል አይገድልም፤ የሚገድለው እሳት ነው።

አቡሽ፦ ግን ሁሉም ሰው ይበላል እኮ፣ ምንም አልሆኑም።

መልሻለሁ።

ጋሽ ደሜ፦ ልጄ፣ ዋጋው እንዴት ነው? በጡረታ ገንዘብ ይቻላል?

ጋሼ፣ ዋጋ አልናገርም፤ ዛሬ የነገርኩዎት ነገ ይለወጣል። ሁለት ነገር ግን ይያዙልኝ። ሙሉ ዓሣ ዋጋው እንደ መጠኑ ነው፣ ስለዚህ ዓሣው ሲመጣ "ይሄኛው ስንት ነው?" ይበሉ፣ ከመጠበሱ በፊት። ሁለተኛ፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ። ቫት 15 በመቶ ነው፣ አንዳንድ ሆቴል ላይ ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ ይደረብበታል። ሁለቱ ሲደመሩ ሒሳቡ በአንድ አራተኛ ገደማ ያድጋል። ጠዋት አሞራ ገደል ሾርባና ዳቦ ቢበሉ ደግሞ ኪስዎ አይጎዳም።

ሐዋሳ_ናፋቂ፦ ሐዋሳ አሪፍ ሬስቶራንት ጠቁሙን እስኪ።

ከላይ ያንብቡ። ከጥያቄ በፊት ማንበብ እንልመድ፣ እባካችሁ።

ዮኒ፦ ወንድሜ፣ ለእጮኛዬ ቀለበት ላደርግላት ነው። ሰርፕራይዝ ነው። ሐይቁ የሚታይበት ቦታ፣ ሰዓቱን ሁሉ ንገረኝ።

እንኳን ደስ ያለህ! ሐዋሳ ከተማ ያለችው ከሐይቁ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ከውኃው ማዶ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀመጡ፤ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትገባለች። ጠረጴዛውን ቀድመህ ያዝ፣ የውኃው ዳር ብለህ ንገራቸው። ፀሐይ እንደገባች ወደ ውስጥ ግቡ። ሐይቅ ዳር ማታ ትንኝ አለ፤ ሐዋሳ ወባ አለ፣ በቀልድ አትውሰደው። ቀለበቱን ከምግቡ በፊት አድርግላት። ሙሉ ቆሮሶ በእጅ ነው የሚበላው፣ እጇ ዘይት ከሆነ በኋላ ቀለበት ልታጠልቅላት ነው? ታኅሣሥ 19 አካባቢ ከሆነ ደግሞ አትሞክረው። የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከተማው ይሞላል፣ አልጋም ጠረጴዛም አይገኝም።

ሰናይት፦ ከምሳ በኋላ ቡናውስ? እኛ የጅማ ልጆች ያለ ቡና...

የሲዳማው አማች፦ ሲዳማ ሄዳችሁ የሲዳማ ቡና ጠጡ፣ ያኔ ቡና ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

የመንደራው፦ ምን አልክ? ቡና የተገኘው ጎማ፣ ጮጬ ነው! ለእኛ ነው ቡና የምታስተምረው?

የቦንጋ ልጅ፦ ቀስ፣ ቀስ። ካፋ እያለ ጮጬ?

የሲዳማው አማች፦ የተገኘበትን አላወራሁም፣ ጣዕሙን ነው። የሲዳማ ታጣቢ ቡና ኮምጠጥ ብሎ አበባ አበባ ይሸታል።

የመንደራው፦ የእኛ በፀሐይ የደረቀው ደግሞ አፍ ይሞላል። ኮምጣጣ የሚፈልግ ሎሚ ይጠጣ።

ይሄ የቡና ክርክር እስከ ጠዋት አያልቅም፣ ሌላ ቀን አድርጉት። ሰናይት፣ ሬስቶራንቱ ውስጥ ማኪያቶ አትዘዢ። ውጪ ረከቦት ያላት እናት ፈልጊ፣ እዚያ ጀበናው ትኩስ ነው።

ሀና፦ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፣ እሾህ እፈራለሁ።

ልክ ነሽ። ለልጁ ፊሌቶ እዘዢ፣ ሙሉ ዓሣ አይቅረብለት። ፊሌቶም ቢሆን በጣትሽ እየፈተሽሽ አጉርሺው፤ ቢላዋው አንዳንዴ እሾህ ያመልጠዋል። ለብለብም ይሆናል፣ ያለ ሚጥሚጣ በያቸው።

ፋሲል፦ ባሕር ዳርስ?

ባሕር ዳር አልሠራሁም። ጣና ላይ የቢልጫ ዘሩ ብዙ ነው፣ እሱን ጠይቁ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለማያሳልፈው ናይል ፐርች እዚያም የለም። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ይመልስልህ።

መካኒኩ፦ ከጅማ በጭዳ፣ በሶዶ መሄድ ይሻላል ወይስ በአዲስ አበባ?

ሹፌሮችን ጠይቅ።

ኑሪያ፦ ዓሣ ብቻ ነው እንዴ? የአገሬው ምግብ መብላት እፈልጋለሁ።

ቡርሳሜ እዘዢ። ከእንሰት የሚሠራ ዋሳ ነው፣ በደንብ በቅቤ ታሽቶ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ትበይዋለሽ። እዚህ በቅቤና በእርጎ ገንፎ የምንበላ ሰዎች ስለሆንን ለአፋችን እንግዳ አይሆንም። በአንዴ ብዙ አትዘዙ፣ ከባድ ነው። ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል። ዘመናዊዎቹ ቤቶች በሳህን ያቀርቡታል፤ በሻፌታው እንዲያመጡልሽ ጠይቂ፣ ሙቀቱን ይይዛል።

የቆጪው ልጅ፦ ሼፍ፣ አልመለስክልኝም እኮ። ለእናቴ ልደት ነው፣ አምስት ነን።

አሁን ጥሩ ጠየቅክ። እናትህ ደረጃ መውጣት ከከበዳት ፎቅ ላይ ያለ ቤት አትውሰዳት፣ እይታው ቢያምርም። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር መዝናኛ አካባቢ ካለው መንገድ ቀስ ብላችሁ እየተራመዳችሁ፣ መሬት ላይ ጥላ ያለው ቤት ምረጡ። ምሳ ይሁን፣ 6 ሰዓት ተኩል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ምግቡ ቶሎ ይበርዳል። ለእሷ ጉላሽ ከፈለገች ቀድመህ ደውልና በዕለቱ ዓሣ እንዲሠሩላት ንገራቸው።

ሰሚራ፦ እዚሁ ጅማስ ዓሣ መብላት የምንፈልግ?

ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣ ዓሣ አለ፣ ቆሮሶውም ጥሩ ነው። ሬስቶራንቱን "መቼ ደረሰ? በበረዶ ነው የመጣው?" በሉት። በጆንያ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ የመጣ ዓሣ፣ ሬስቶራንቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይቅርባችሁ። የቀረውን ጥያቄ ጻፉልኝ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ እመልሳለሁ። ስለ ምርጥ ሬስቶራንት ግን ደግማችሁ አትጠይቁኝ።