የፍሳሽ ማጣሪያ ኦፕሬተር ሆኜ ልቀጠር ወይ ብላ ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ከፖሊ ቴክኒክ ተመርቀሽ ሥራ ስትፈልጊ ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ ለፍሳሽ ማጣሪያው ጀማሪ ኦፕሬተር አድርጎ ሊቀጥርሽ ጠርቶሻል፤ ሰኞ ለመፈረም ቀጠሮ አለሽ፤ ደሴ ያሉት ቤተሰቦችሽ ግን «ተምረሽ ተምረሽ ቆሻሻ ልትጠብቂ ነው ወይ» እያሉ ልብሽን ከፍለውታል። ሥራው ጤና ይጎዳል ወይ፣ ነገስ የሥራ ልምድ ሆኖ ይያዝልኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች በአብዛኛው ስለ ሽታው ነው የጻፉት፤ ከመካከላቸው አንድ ሌሊት እንኳ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ያደረ ያለ አልመሰለኝም። እኔ ከደሴ እየተመላለስኩ ኮምቦልቻ ውስጥ በዚሁ ሥራ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ያንቺም ሁኔታ ከእኔው ጋር አንድ ስለሆነ የማውቀውን በተራ በተራ ልንገርሽ። ባጭሩ መልሴ «ግቢ» ነው፤ ነገር ግን የቅጥር ደብዳቤሽ ላይ ያለች አንዲት መስመር ሳትስተካከል እንዳትፈርሚ።

1ኛ. የሥራ መደቡ መጠሪያ። ደብዳቤው ላይ «የሥራ መደብ» ከሚለው ፊት ለፊት «የፍሳሽ ማጣሪያ ኦፕሬተር» የሚል በግልጽ መስፈር አለበት። አንዳንድ ፋብሪካዎች ማጣሪያውን የሚሠሩት ተቆጣጣሪ እንዳይናገራቸው ብቻ ስለሆነ በመዋቅራቸው ውስጥ ለኦፕሬተር የተለየ መደብ የላቸውም። ስለዚህ ሰው ሀብት አስተዳደሩ ክፍት ሆኖ ባገኘው መደብ ላይ ይቀጥርሻል፦ የጉልበት ሠራተኛ፣ ረዳት፣ ወይም እንደ እኔ የጽዳት ሠራተኛ። በዕለቱ ስጠይቅ «መዋቅሩ እስኪጸድቅ ነው፤ የሙከራ ጊዜሽን ስትጨርሺ ይስተካከላል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ስልሳው ቀን አለቀ፤ መዋቅሩ ግን አልጸደቀም። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ፤ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና።

2ኛ. ጤና። ሽታው ይለመዳል፤ የሚያስፈራውም መለመዱ ነው። ዝቃጭ፣ ማለትም ከፍሳሹ ተለይቶ የሚረጋው ጭቃ መሰል ነገር፣ በሚጠራቀምበት ጉድጓድና አየር በማያገኝ ታንከር ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር መቶ እጅ) ሲጠጋ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ድንገት ይጠፋል። ያን ጊዜ «ተነነ፣ ለቀቀን» ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ወዲያው ከዚያ ቦታ ውጪ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከጉድጓዱ ሥር ይተኛል፤ «ፓምፑን ጨርቅ ይዞታልና ወርደሽ አውጪው» የሚልሽ ሰው ደግሞ አይጠፋም። የጋዝ መለኪያ ሳይወርድ፣ ጉድጓዱ በማራገቢያ ሳይናፈስ፣ ወገብሽ ላይ ገመድ ሳይኖርና ከላይ የሚጠብቅሽ ሰው ሳይቆም አትውረጂ፤ መለኪያው ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ካሳየም እንደዚያው። ውስጥ የወደቀ ሰው ብታዪ እንኳ ተከትለሽ አትግቢ፤ በዚህ ዓይነት ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሊያወጣ የገባውም ጭምር ነው። ወተት ይሰጣል እያሉ ያጽናኑሽ ይሆናል። ወተቱን ጠጪው፣ ለሰውነት ጥሩ ነው፤ ጋዝን ግን አይከላከልም። ወተት እያደለ የጋዝ መለኪያ የማይገዛ ፋብሪካ ስለ ጤናሽ አስቧል ብዬ አላምንም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ውሰጂ፤ ቱታሽን ለብሰሽ ሰርቪስ ላይ አትውጪ፤ ወደ ቤትም አትውሰጂው።

3ኛ. የሌሊት ፈረቃና መዝገቡ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ፈረቃ ከአንቺ በቀር ለማጣሪያው የሚገደው ሰው የለም። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ በመጀመሪያ የሚያነሣው ማምረቻውን ነው፤ ወደ ታንከሩ አየር የሚነፋው የአንቺ ብሎወር ይቆማል፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ከታንከሩ ሥር ይረጋሉ፣ ሰዓታት ከተቆጠሩም ውኃው መጥቆርና መሽተት ይጀምራል። መብራቱ ሲመለስ ብሎወሮቹን በአንድ ጊዜ አታስነሺ፤ አንዱ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ ሌላውን አስከትዪ፤ አለበለዚያ ብሬከሩ ይወርድና ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪሽያን ስትፈልጊ ይነጋል። ዋናው ግን የጠፋበትንም የመጣበትንም ሰዓት መጻፍ ነው። ኦፕሬተርን የሚያስከብረው መዝገቡ ነው፤ አለቆች ሲበዛ የማይወዱትም እሱኑ ነው።

አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከማምረቻው የሚመጣው ፍሳሽ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ነው፤ መካከለኛው 7 ነው) ከ8 ተነሥቶ ከ12 በላይ ወጣ። ማምረቻው ዕቃ ያጠበበትን ኮስቲክ ሶዳ፣ ኃይለኛ አልካሊ ማለት ነው፣ ሳያሳውቀን እንደ ወረደ ለቆት ነበር። (የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ምን እንደሚያመርትም አልናገርም፤ ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት።) ያ ውኃ አየር ወደሚነፋበት ታንከር ቢገባ የወራት ልፋት ያፈራውን ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ይፈጀዋል። ቫልቩን ዘግቼ ፍሳሹን ከታንከሩ በፊት ባለው ማመጣጠኛ ገንዳ ውስጥ አቆየሁትና ለማምረቻው የፈረቃ ኃላፊ ደወልኩ፤ «ውኃ ጨምሪበትና ልቀቂው» አለኝ። የት እንደሚሄድ እሱም ያውቃል፤ ከኮምቦልቻ የሚወጣ ፍሳሽ መድረሻው ቦርከና ነው፣ ቦርከና ደግሞ ጨፋን አቋርጦ አዋሽን ይቀላቀላል፤ እስከዚያ ድረስ ከብት ይጠጣዋል፣ ገበሬ መስኖ ይጠልፍበታል። አልለቀቅኩትም። ሰዓቱን፣ የፒኤቹን ቁጥር፣ የደወልኩለትን ሰው ኃላፊነትና የመለሰልኝን ቃል ጻፍኩ፤ ናሙናም በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ሰዓቱን ለጥፌበት ላብራቶሪ አስቀመጥኩ። ጠዋት ፎርማኑ ገጹን ቀድጄ «እንደ ወትሮው» ብዬ እንድጽፍ ጠየቀኝ፤ እንቢ አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወንዙ ታች ባለ ቅሬታ ምክንያት የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች መጡ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተፈቀደው ልክ ያለፈ ፍሳሽ መልቀቅን ስለሚከለክል ሁሉም ጣቱን ወደ ማጣሪያው ክፍል ቀሰረ። የክፍሉ ኃላፊ በኩራት ገልጦ ያሳያቸው ያንኑ ገጽ ነበር። ስሜ አልተጠራም፤ ከገጹ ግርጌ «የኦፕሬተር ፊርማ» ከሚለው ሥር ግን ፊርማዬ ቁጭ ብሏል። ይህን ልብ በዪልኝ፤ በሰው ሀብት ዶሴ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፣ በመዝገቡ ደግሞ በየሌሊቱ የምፈርመው ኦፕሬተር ተብዬ ነው።

4ኛ. መሣሪያ የሚናገረውን ሁሉ አትመኚ። ይህን በኩራት እነግርሻለሁ። በአንድ ወቅት ዝቃጩ አልረጋ ብሎ አስቸግሮን ነበር። በአንድ ሊትር ሲሊንደር ቀድተሽ 30 ደቂቃ ስታቆዪው ጤነኛ ዝቃጭ እንደ ቡና አተላ ተለይቶ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይረጋል፤ የእኛው 900 ላይ ተንሳፍፎ ይቀር ነበር። ሲሊንደሩን በባትሪ መብራት አስጠግቼ ሳየው በውስጡ እንደ ጥጥ የተፍታታ ነገር ይታያል። አየር ሲያንስ የሚበዙ ክር መሰል ባክቴሪያዎች እንደዚህ ያደርጋሉ፤ የኦክስጅን መለኪያው ግን በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በቂ ነው፣ ይላል። መለኪያውን ካሊብሬት የሚያደርገው፣ ማለትም ልኩን የሚያስተካክለው፣ ቴክኒሽያን በ20 ዲግሪ አየር የጠገበ ውኃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል ከሚል ሠንጠረዥ ላይ ቁጥሩን በእጁ ያስገባ ነበር። ያ ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ እዚህ ውኃው የሚይዘው 7.2 አካባቢ ነው፤ ደሴ ላይ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ መለኪያው 2 ሲል እውነተኛው 1.6 ገደማ ነበር፤ በዚያ ላይ «በቂ ነው» እየተባለ ብሎወሩ ይቀነስ ነበር። ለፎርማኑ ስነግረው ሳቀ፤ ለላብራቶሪዋ ኬሚስት ስነግራት ግን ማኑዋሉን አውጥታ የከፍታ ማስተካከያውን አብረን አገኘነው። መለኪያው ተስተካከለ፣ አየሩ ተጨመረ፣ ዝቃጩም በሳምንታት ውስጥ መርጋት ጀመረ። ይህን የሠራች ሴት በደመወዝ ማውጫው ላይ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች!

አሁን ወደ ሰው ሀብት ቢሮው ልመለስ። ሌላ መሥሪያ ቤት በውኃ ወይም በፍሳሽ ማጣሪያ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ኦፕሬተር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ልምዱ አለኝ፤ የጎደለኝ ማስረጃው ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ልብ አድርጊ፤ የሚለው «የሠራውን የሥራ ዓይነት» ነው። ይህንኑ ይዤ ገባሁ። የቢሮው ጸሐፊ ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረ «ቆሻሻ ውኃ ለምትጠብቂ ሴት ጽዳት የሚለው ምን አነሰሽ?» አለኝ። አዋጁን ስጠቅስለት «ሕግ ልታስተምሪን ነው የመጣሽው?» ብሎ ማኅተሙን መልሶ ቆለፈበት። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፦ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ነይ፣ ማኅተም ያዡ ዕረፍት ወጥቷል። የሚያሳዝነው ጸሐፊው የሚቀመጥበት መስኮት የሚያየው የእኔኑ ታንከር ነው፤ ሌት ተቀን ምን እንደምሠራ ያያል።

የመመዝገቢያው ጊዜ ሊያልቅ ሲል የመዝገቡን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከቅጥር ደብዳቤዬ ጋር አስገባሁ። የቅጥር ኮሚቴው ገጾቹን አልገለጠም፤ «ደብዳቤሽ ጽዳት ነው የሚለው» ብለው ፋይሌን መለሱልኝ። ያን ሁሉ ሌሊት ውኃ በላው። በኋላ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ዘንድ አመለከትኩ፤ ሰውዬው ትሑት ነበሩ፣ እዚያው ፊቴ ስልክ ደወሉ። ወራት ሲያመላልሰኝ የኖረው ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ «በጽዳት ሠራተኛ የሥራ መደብ ተቀጥራ በፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል ያገለገለች» ይላል። ይህም ግማሽ ነገር ነው። አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት የተቀበለኝ በፈተና ነው፤ ሲሊንደር አቅርበው ዝቃጩን አንብቢ አሉኝ፣ አነበብኩላቸው። የያዙኝ ግን በጀማሪ ደመወዝ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ለእርከን አልተቆጠሩልኝም።

ስለዚህ ሰኞ ስትሄጂ «በኋላ ይስተካከላል» የሚለውን ቃል አትቀበዪ። መዋቅር የለንም ካሉሽ፣ በፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል በኦፕሬተርነት መመደብሽን የሚገልጽ የምደባ ደብዳቤና የሥራ ዝርዝር ከነማኅተሙ ይስጡሽ፤ ከመደብ መጠሪያ የደከመ ቢሆንም ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላል። የእያንዳንዱን ወረቀት ኮፒ ደሴ ቤትሽ አስቀምጪ፤ ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ዶሴው የጠፋበት ሠራተኛ እንዴት እንደተንከራተተ አይተናል። ብቃት ምዘናውንም፣ ሲኦሲውን ማለቴ ነው፣ ካልወሰድሽ ውሰጂ፤ ደብዳቤ ሲጣመም የሚደግፍሽ እሱ ነው። ትርፍ ሰዓት ሲያሠሩሽ ደግሞ የቀኑ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ተባዝቶ እንደሚከፈል እወቂ፤ ሁሉንም በአንድ ሒሳብ የሚያሰሉ አሉ።

በመጨረሻ፣ የማታው ሰርቪስ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ድረስ ያደርስ እንደሆነ ወይስ ኮምቦልቻን ብቻ ዞሮ ይመለስ እንደሆነ ጠይቂ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ስትወጪ ወደ ደሴ የሚሄድ ታክሲ አታገኚም፤ እኔም በኋላ መመላለሱን ትቼ ለዚሁ ስል ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኮምቦልቻ ቤት ለመከራየት ተገድጃለሁ፣ ኪራዩም ደመወዜን ክፉኛ ይበላው ነበር። የቤት ወይም የትራንስፖርት አበል ካለም ከመፈረምሽ በፊት አስጽፊው፤ ከፈረምሽ በኋላ መልሳቸው «በጀት የለም» ነው።