ለሚጎትት ውሻ ምን ልግዛ ላልሽው

እህቴ "የአንድ ዓመት ተኩል ጀርመን ሼፐርድ ክልስ አለኝ፣ ከግቢ ሳወጣው ጎትቶ ሊጥለኝ ነው፣ ሻጩ ሲጎትት የሚያንቀውን ሰንሰለት ግዢ አለኝ" ላልሽው፣ እኔ ሰንሰለቱን ገዝቼ አይቼዋለሁ፣ ባትገዢው ይሻልሻል። የኔው 32 ኪሎ ነው፣ ቀን ግቢ ታስሮ ስለሚውል በር ሲከፈት በቃ ያብዳል። ሰንሰለቱን ሳደርግለት ሁለት ቀን ቀዝቀዝ አለ፣ ከዛ እየሳለ እያጓራም መጎተቱን ቀጠለ፣ የፋሲካ ሰሞን ደግሞ የሚነዱ በጎች አየና አያት ሰፈር አስፋልት ዳር እኔን መሬት ለመሬት ጎተተኝ። ጫናው እኮ ጉሮሮው ላይ ነው የሚያርፈው፣ የአየር ቧንቧውን ይጎዳል፣ አይኑ ውስጥ ያለውን ግፊት ሳይቀር ይጨምራል።

ከዛ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ሀርነስ (በአንገቱ ፈንታ ደረቱንና ጀርባውን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ) አመጣችልኝ፣ ቀለበቱ ጀርባው ላይ ብቻ የሆነውን። ባሰበት! እንደ ጋሪ ፈረስ ደረቱን ሰጥቶ ይስበኛል፣ ለካ ተመችቶታል። ስለዚህ ዋናው ነገር ደረቱ ላይ ቀለበት ያለው መሆኑ ነው። ገመዱን እዛ ካያያዝሽው ወደፊት ሊወረወር ሲል ሰውነቱ ወደ ጎን ወዳንቺ ይዞራል፣ ጉልበቱን አያገኘውም።

ልኩን በላርጅ በሚዲየም አትመኚ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኪው፣ ሲታሰር ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ትከሻው ላይ አግድም የሚያልፈው እርምጃውን ይይዘዋል፣ ደረቱ ላይ እንደ ባላ የሆነውን ምረጪ። የኔው ቀበቶው ብብቱን ልጦት ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ አስተካከለልኝ (ለውሻም ቦርሳ ይነገታል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ)። ደንግጦ ወደኋላ ካፈገፈገ ደግሞ ሾልኮ ይወጣል፣ ስለዚህ ከሀርነሱ ወደ አንገት ማሰሪያው አጭር መያዣ ጨምሪበት፣ የመንገድ ውሻ በበዛበት ሰፈር ይሄ ግዴታ ነው፣ የእብድ ውሻ ክትባቱንም እንዳትረሺ።

አፍንጫው ላይ የሚውለው ማሰሪያም አለ፣ ለጉልበተኛ ውሻ ይሰራል፣ ግን ቀስ በቀስ በምግብ ማስለመድ ይፈልጋል፣ በድንገት ከተመነጨቀ ደግሞ አንገቱን ሊጎዳው ይችላል፣ በዛ ላይ ያየሽ ሁሉ "ይናከሳል?" እያለ ይሸሻል። ገመዱ ሁለት ሜትር ገደማ ይበቃል፣ ያ እየተተረተረ የሚረዝመው ግን ይቅርብሽ፣ ሲጎትት ስለሚረዝምለት መጎተትን ነው የሚያስተምረው።

እቃው ብቻውን ግን አያስተምረውም። ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ሲላላ ሂጂ፣ ጎንሽ ሲሆን ጨው የሌለው የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ ስጪው። መጀመሪያው ሳምንት ከበራችን እስከ ሱቅ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ጎረቤት የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት ነበር። አሁን በአንድ እጄ ይዤው እሄዳለሁ፣ በግ ካላየ። በዓል ሲደርስ በጎቹ ሳይወጡ በጠዋት ነው የማወጣው።