የድሮ ስፖርት መኪና ላሜራ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬ

ስለ ድሮ መኪና ቦዲ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ግማሹ የሐረር ፔጆ 404 ነው። ቀሪው አባት ወይ አያት ጥሎት የሄደ ፊያት 124 ስፓይደር ነው። የሁለቱም ቅርጽ የጣልያኑ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ የፒኒንፋሪና ሥራ ስለሆነ ኩርባቸው ዝም ብሎ አይወጣም። በሉ እንጀምር።

ፊያት 124 ስፓይደር አለኝ። ከበር ሥር ያለው ላሜራ በሁለቱም ጎን በዝገት አልቋል። ቆርጬ አዲስ ላስገባ ነው፤ ከየት ልጀምር? (ከከዚራ)

አቦ፣ መቁረጫውን አስቀምጠው! መኪናህ ጣሪያ የለውም። ጣሪያ ያለው መኪና ሸክሙን ከላይም ከታችም ይካፈላል። ያንተን መሀሉን ቀጥ አድርጎ የያዘው ያ ከበር ሥር ያለው፣ ከውጭና ከውስጥ ላሜራ የተሠራው ሳጥን ነው። እሱን ቆርጠህ ስታወጣ መኪናው ከወገቡ ይጎብጣል። በዐይን ላታየው ትችላለህ፤ በሩ አልዘጋ ሲልህ ግን ይገባሃል።

መጀመሪያ መኪናውን በአራቱም በኩል ደግፈህ በውሃ ልክ አስተካክል። በሩን ዝጋና ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ለካ። ቁጥሩን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ጻፈው፤ ወረቀት ይጠፋል። ክፍተቱ አሁኑኑ የተዛባ ከሆነ መኪናው ቀድሞ ጎብጧል ማለት ነው። እኩል እስኪሆን ድረስ በክሪክ ቀስ ብለህ አንሳው። ከዚያ ከፊተኛው የበር ምሰሶ እስከ ኋለኛው ካሬ ቱቦ በይድበት፤ አንዱን አግድም፣ ሌላውን ሰያፍ። ይህን ሳታደርግ አንዲት ሴንቲ እንዳትቆርጥ።

አንዱን ጎን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። ብዙ ሰው የውጩን ላሜራ ብቻ ቀይሮ ይዘጋዋል። ሸክሙን የሚይዘው ግን የውስጡም ጭምር ነው፤ እሱ ከተበላ የውጩ ለፎቶ ብቻ ነው። ሙሉ ብየዳ ከመግባትህ በፊት በነጥብ ብቻ አስይዘው፣ በሩን ግጠመው፣ ክፈት፣ ዝጋ። ግድግዳው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ካልተስማማ ነጥቡን ፍታና እንደገና።

ስንት ውፍረት ልግዛ? የጣሪያ ቆርቆሮስ አይሆንም? (ከሳቢያን)

ቆርቆሮ ይቅርብህ። ስስ ነው፣ ደግሞም ደረቅ ነው፤ አንዴ አጥፈህ ስትመልሰው ይሰነጠቃል። ዚንክም የተለበጠ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ብረቱ ሳይቀልጥ በፊት እሱ ጭስ ይሆናል። ያንን ነጭ ጭስ የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት ጠጣ ይሉሃል። መድኃኒቱ ጭሱን አለመሳብ ነው።

ለቦዲ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ጥቁር (ዚንክ ያልተለበጠ) ላሜራ በቂ ነው። ስትገዛ በሚዛን ፈትሸው። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የ1 ሚሊ ላሜራ 15.7 ኪሎ ይመዝናል። ነጋዴው "1 ሚሊ ነው" ብሎህ 12 ኪሎ ተኩል ከወጣ የያዝከው 0.8 ነው፤ ዋጋውም የ0.8 ይሁን።

የበርሜል ላሜራስ?

ለስላሳ ነው፤ ለመኪናው ወለል ግሩም ነው። ምን እንደነበረበት ሳታውቅ ግን እሳት አታስነካው። ባዶ የነዳጅ በርሜል ከሙሉው የባሰ ነው፤ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው። በእጅ መቀስ ቁረጠው። ሰርባትዮ (የመኪናውን የነዳጅ ታንክ) መበየድም ያው ነው፤ "አጥቤዋለሁ" አይበቃም።

የ404 ፔጆዬ ግራ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) በዝገት ተበልቷል፤ ቀኙ ደህና ነው። ያለ ማሽን በእጅ ይወጣል? (ከሐረር፣ ባለቤቷ ሴት ነኝ)

ይወጣል እህቴ፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ቀኙ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አልብሺና ጠርዙን በእርሳስ ተከተዪ። ወረቀቱ ሲገለበጥ ግራው ይሆናል። ለኩርባው ደግሞ በየ10 ሴንቲው ካርቶን ቁረጪና ቀኙ ላይ ልክ እስኪቀመጥ አስተካክዪው። ሥራው ሲሄድ እነዚያን ካርቶኖች ገልብጠሽ ግራው ላይ ትሞክሪያለሽ። ብርሃን በሥራቸው ካለፈ እዚያ ጋ ገና ነው።

መሀሉ እንዲያብጥ ላሜራውን አሸዋ በሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አድርገሽ በእንጨት መዶሻ ምቺው። ጠርዙ ግን መሰብሰብ አለበት። እዚያ እንደ ቀሚስ ሽንሽን እጠፊውና ግንድ ላይ ሽንሽኑን ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ውስጥ ጨፍልቂው። ጀማሪ ሁሉ መሀሉን ብቻ ይደበድባል፤ ከዚያ ጠርዙ ይሞገድበታል። በመጨረሻ ስስ የጥጥ ጓንት አድርገሽ በመዳፍሽ ዳብሺው። ዐይን የሳተውን ጉብታ እጅ ያገኘዋል።

ብየዳውን በአንድ ትንፋሽ አትሂጂበት። በየ3 ሴንቲው ነጥብ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለልሽ፣ መሀል ላይ እያቀዘቀዝሽ። እኔ ለዚህ ሥራ የጋዝ ብየዳ እመርጣለሁ፤ መስመሩ ለስላሳ ስለሆነ በመዶሻ ይስተካከላል። በኤሌክትሮድ 0.8 ላሜራ መበየድ ቀዳዳ መብሳት ነው።

ባትላሜራው (የቦዲ ሠራተኛው) የቀረውን ጎድጓዳ "ስቱኮ (የቦዲ መሙያ) ይሸፍነዋል" አለኝ።

ውፍረቱ እስከ 2 ሚሊ ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ሠራተኛ ፈልግ።

ከሰዓት ፀሐይ ላይ ለክቼ የቆረጥኩት በማግስቱ ጠዋት አልገጠመም። ለምን? (ከገንደ ቆሬ)

በድሬ ፀሐይ ብረት ስትለካ የምትለካው ያበጠውን ነው። 1 ሜትር ብረት 40 ዲግሪ ሲሞቅ ግማሽ ሚሊ ይረዝማል፤ አሉሚንየም እጥፉን። መኪናው ጥላ ውስጥ፣ ላሜራው ፀሐይ ላይ ከሆነ ልዩነቱ በር ጠርዝ ላይ ይታያል። ሁለቱንም ጥላ ውስጥ አሳድርና ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ለካ። አንተም ትተርፋለህ።

አዲሱ ላሜራ ተመልሶ እንዳይዝግ ምን ላድርግ? መኪናው ጅቡቲ የቆየ ነው።

የባሕር ጨው ከታች ነው የሚበላው፤ ስለዚህ የተዘጉትን ሳጥኖች ውስጣቸውን ፈትሽ። ከመዝጋትህ በፊት ውስጡን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባው። ብየዳው ቀለሙን ያቃጥለዋልና ከጨረስክ በኋላ በቀጭን ቱቦ ሰም ወይም ወፍራም ዘይት እርጭበት። ከሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ አትድፈናቸው። አቧራ እንዳይገባ ብለው የሚደፍኑ አሉ፤ በመጀመሪያው ዝናብ የገባው ውሃ እዚያው ይቀራል።