ሣሩን እንንቀለው ወይስ እናቆየው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር የመንገድ ዳሩን ሣር በቅርቡ አስነቅሎ ጠጠር አስደፋበት። ባለቤቴም «ሕጉ እኛ ዘንድ መድረሱ አይቀርም፤ ግቢውን በሙሉ ነቅለን ፕላስቲክ ሣር እናንጥፍ» ይላል። ከፊት ለፊት ትልቅ ዛፍ፣ ከጓሮ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት ሣር አለን። ምን ይመክሩናል? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ሕጉን ፈርታችሁ ምንም እንዳትነቅሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግ፣ ከ2026 ማብቂያ በኋላ የኮሎራዶ ወንዝ ውኃ እንዳያገኝ የሚከለክለው በመንገድ አካፋዮች፣ በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍና በማኅበራት የጋራ ቦታ ለጌጥ ብቻ የተተከለውን ሣር ነው። የግል መኖሪያ ግቢን አይመለከትም።

የፊት ለፊቱን ግን በፈቃዳችሁ ብታነሱት እመርጣለሁ። በላስ ቬጋስ ከቤት ውስጥ የሚወጣው ፍሳሽ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ከተማዋ ውኃዋን ወደምትቀዳበት ወደ ሜድ ሐይቅ ይመለሳል። ሣር ላይ የፈሰሰው ተንኖ ይጠፋል። የደቡብ ኔቫዳ የውኃ ባለሥልጣን እንደሚገምተው፣ አንድ ካሬ ጫማ ሣር በጠብታ መስኖ በሚያድጉ ተክሎች ሲተካ በዓመት 55 ጋሎን ያህል ውኃ ይተርፋል። ዕድሜዬን ሣር ሳጠና የኖርኩ፣ ሣር የምወድ ሰው ነኝ፤ ማንም ለማይቀመጥበት መሬት ይህን ያህል ውኃ ሲፈስ ማየት ግን ያመኛል።

የጓሮውን ሣር ግን አታንሡት። ልጆች ለሚሮጡበት ሣር ውኃ አይነፈግም፤ ፕላስቲኩ ደግሞ በሐምሌ ፀሐይ ባዶ እግር ያቃጥላል። ዝርያው ሙቀት የሚከብደው ፌስኪው የሚባለው ሣር ከሆነ በሰርዶ ለውጡት፤ እዚህ በርሙዳ የሚባለው ነው። ሙቀት ይወዳል፣ ውኃ ይቆጥባል፣ ተረግጦ የተጎዳውንም ቦታ መሬት ለመሬት እየሳበ መልሶ ይሸፍናል። በብርዱ ወራት ቡናማ ሲሆን አልሞተም፤ ግቢው አረንጓዴ እንዲመስል ብላችሁ በብርድ የሚያድገውን ራይግራስ የተባለ ሣር ከዘራችሁበት ግን የቆጠባችሁትን ውኃ መልሶ ይጠጣዋል።

ስታጠጡ 12 ደቂቃውን በአንድ ጊዜ አትልቀቁት፤ ጠጣሩ አፈር ስለማይቀበለው ወደ እግረኛ መንገድ ይፈስሳል። አራት አራት ደቂቃ አድርጋችሁ፣ በመካከሉ አንድ አንድ ሰዓት እያሳረፋችሁ ሦስት ጊዜ አጠጡ። አስቀድማችሁ እኩል መጠን ያላቸውን ባዶ የቱና ቆርቆሮዎች በሣሩ ላይ በየቦታው አስቀምጡና መርጫውን ክፈቱ። አንዱ ሞልቶ ሌላው ግማሽ ከሆነ ጥፋቱ የመርጫው ነው። ብዙ ሰው አንዲት የደረቀች ጥግ ባየ ቁጥር ደቂቃ ይጨምራል፤ የቀረው ሣር ያለ ፍላጎቱ ይጥለቀለቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዛፉ ነው። እስከ ዛሬ የጠጣው ከሣሩ መርጫ ነው፤ ሣሩ ተነሥቶ ቧንቧው ሲዘጋ ዛፉም አብሮ ይጠማል፣ ከጫፉም መድረቅ ይጀምራል። ስለዚህ መርጫው ከመዘጋቱ በፊት የጠብታ መስኖ ዘርጉለት፤ ግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፎቹ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ። በዚያ ሙቀት እንዲህ ያለ ጥላ በገንዘብ አይገኝም።

የውኃ ባለሥልጣኑ ሣር ለሚያነሡ ነዋሪዎች ገንዘብ ይከፍላል፤ ግን መጀመሪያ አመልክቱ። ተቆጣጣሪው ሕያው ሣሩን በቦታው ማየት አለበት፤ ነቅሎ የሚያመለክት ሰው ክፍያው ያመልጠዋል።